ሆሊውድ በጦርነቱ ዘመን በምን ሳቀ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት፥ ከፊልሙ ትርኢት በፊት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ የሚታየው ፊልም «ታላቁ አምባገነን» ይባላል። ስለዚህ ፊልምና በዚያው ዘመን በአሜሪካ ስለ ተሠሩት ስለ ሌሎቹ የሳቅ ፊልሞች ጥቂት እንድናገር የሲኒማ ክበባችን ስላዘዘኝ፥ ያየሁትንና ያነበብሁትን ያህል ለማቅረብ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ በኛ አቆጣጠር የምናገር ጊዜ ለይቼ እናገራለሁ።

የበዓሉ ፕሮግራም በታወቀ ጊዜ አንድ ወላጅ «ልጆቹ ሌላ ቁም ነገር አጥተው ነውን የሳቅ ፊልም የሚያሳዩን?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምቻለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሲኒማ ወደ አገራችን ገና በገባበት ዘመን በአዲስ አበባ ሥዕሉ ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በብርሃን ግድግዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ማየት ያስፈራ ነበርና ስያሜው አይገርምም። ዛሬ የሚፈራው ሰይጣኑ ሳይሆን የሚባክነው ጊዜ ነው። ዳሩ ግን ይህንኑ ጥያቄ፥ ማለት ዓለም በመከራ ላይ ሳለች ሰውን ማሳቅ ሥራ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት የሚለውን፥ ከሆሊውድ ሰዎች አንዱ በ1941 ዓ.ም. ራሱን ጠይቆ፥ ከጥያቄው አንድ ሙሉ ፊልም አወጣበት። ስለዚህ ንግግሬን ከርሱ እጀምራለሁ።

ሰውየው ፕሬስተን ስተርጅስ ይባላል። በመጀመሪያ ለፊልም ድርሰት ጸሐፊ ነበረ። በዚያ ዘመን በሆሊውድ ጸሐፊ ማለት ጽፎ አስረክቦ የሚሄድ ሰው ነው፤ ዲሬክተሩ ድርሰቱን ቢያበላሸውም አፉን ከፍቶ መናገር አይችልም። ስተርጅስ ይህ ነገር ስላንገበገበው፥ «ታላቁ መጊንቲ» የሚባለውን ድርሰቱን ለፓራማውንት ኩባንያ በ10 ዶላር ሸጠው። ነገር ግን አንድ ውል አስገባ፤ ይኸውም ፊልሙን ራሱ ዲሬክት እንዲያደርግ ነው። ፊልሙ በ1940 ወጣ፤ ድርሰቱም የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ10 ዶላር ሸጦ ይህን የሚያህል ትርፍ ያገኘ ነጋዴ በመርካቶም አይገኝም። ከዚህ ፊልም ጀምሮ እስከ 1944 ድረስ ባሉት ዓመታት ስምንት ፊልሞች ወጡለት፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዛሬም ይታያሉ።

ከስምንቱ አንዱ «የሱሊቫን ጉዞዎች» ነው። ሱሊቫን የሳቅ ፊልም እየሠራ የበለጸገ ዲሬክተር ነው። አንድ ቀን ግን «አገር በሥራ ማጣትና በረኃብ ሲሠቃይ እኔ እንዴት ቀልድ እሠራለሁ?» ብሎ ስለ ድኻ መከራ የሚናገር ከባድ ፊልም ለመሥራት ይነሣል። ድኽነትን ስለማያውቅም የተቀዳደደ ልብስ ለብሶ፥ 10 ሳንቲም በኪሱ ይዞ ሊያጠና ይወጣል። የቤቱ አሽከር ግን ይመክረዋል፤ ድኾች ድኽነትን ከርሱ ይልቅ ያውቁታል፤ ድኽነት የሚያምርበት ለማያውቀው ሀብታም ብቻ ነው ይለዋል። እኔ በፊልሙ ውስጥ ከተነገረው ነገር ሁሉ የአሽከሩን ቃል እወዳለሁ። ጌታው ግን አልሰማም።

በመጀመሪያ ጉዞው ሁሉ ጨዋታ ነው። ኩባንያው ሐኪምና ጋዜጠኛ፥ ወጥ ቤትም ጭምር በአውቶቡስ ጭኖ ከኋላው ያስከትልበታል። በኋላ ግን ነገሩ ይከፋል። አንድ ሌባ ጫማውን ሰርቆት ሲሄድ ባቡር ይደፈጥጠዋል፤ በጫማው ውስጥ በተገኘው ወረቀት ምክንያት የሞተው ሱሊቫን ነው ተብሎ ይታወጃል። እውነተኛው ሱሊቫን በበኩሉ ራሱን በድብደባ ስቶ ሳለ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ መትቶ ይከሰሳል፤ ማንነቱንም ማስረዳት አቅቶት የስድስት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ይፈረድበታል። እግሩ በሰንሰለት ይታሰራል። ያ ሁሉ ሀብትና ዝና በአንድ ቀን እንደ ጤዛ ይረግፋል።

አንድ ምሽት እስረኞቹን ወደ አንዲት ትንሽ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸዋል፤ በዚያ ፊልም ይታያል። ሰባኪው እስረኞቹ ከመግባታቸው በፊት ምእመናኑን ይመክራል፤ የሚመጡት እንግዶች ከኛ ያነሱ ናቸውና በቃልም በዓይንም አታሳፍሯቸው ይላል። ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ መብራቱ ይጠፋል። የሚታየው ስለ ዋልት ዲዝኒው ውሻ ስለ ፕሉቶ የተሣለ አጭር የካርቱን ሥዕል ነው። ውሻው ከሚያጣብቅ የዝንብ ወረቀት ጋር ይታገላል፤ ከአፍንጫው ሲያላቅቀው እግሩን ይይዘዋል፤ ከእግሩ ሲያላቅቀው ሌላ ቦታ ይለጠፍበታል። ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። እስረኛው፥ ዘበኛው፥ ሰባኪውም አንድ ላይ ይሥቃሉ። ሱሊቫን ግራና ቀኝ አይቶ፥ እኔም እሥቃለሁ እንዴ? ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ወዲያው እርሱም ያንከተክተዋል። ከእስር ከወጣ በኋላ ያንን ከባድ ፊልም ትቶ ወደ ሳቁ ይመለሳል።

ስለዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በሆሊውድ ፊልም ውስጥ ጥቁር ሰው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ አሽከር፥ ገረድ ወይም ፈሪ ሆኖ እንዲሣቅበት ነበር። ሃቲ መክዳንኤል በ1940 የኦስካርን ሽልማት ስትቀበል ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች፤ የተሸለመችበትም ክፍል ግን ያው የገረድነት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ትርኢት በዚህ መካከል ሲታይ ክብር ያለበት ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ለስተርጅስ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። የሚያስገርመው ግን በዚያው ፊልም መጀመሪያ ላይ፥ አውቶቡሱ ሲሮጥ፥ ጥቁሩ ወጥ ቤት ወዲያና ወዲህ ሲላጋና ፊቱ ሊጥ ሲቀባ ለሳቅ መቅረቡ ነው። አንዱ እጅ ሁለቱንም ሠራ።

እንዲያውም የባሰ አለ። ቦብ ሆፕና ቢንግ ክሮስቢ የሚባሉት ሁለት ተጫዋቾች «የ... መንገድ» እያሉ ከ1940 ጀምሮ ተከታታይ ፊልሞች ሠርተዋል። ሁለቱ ሲነታረኩ በጣም ያሥቃሉ፤ አይካድም። በ1941 የወጣው የዛንዚባሩ ግን አፍሪካን ሰው በላዎች ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩበት ጫካ አድርጎ ያሳያል። ፊልሙ የተሠራው ካሊፎርንያ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ፊልም ሳይ ግማሹን ሥቄ ግማሹን ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ጓደኞቼም እንደዚያው ያድርጉ እንጂ አትዩት አልልም፤ ሰው በማን ላይ እየሣቀ እንደ ሆነ ማወቅ የሚጀምረው ሳቁ በራሱ ላይ የመጣ ጊዜ ነውና።

ሳቅ ሁሉ በሰው ላይ አይደለም። በቃል ብቻ የሚሣቅም አለ። አቦትና ኮስቴሎ የሚባሉት ሁለት ቀልደኞች በ1945 «ኖቲ ናይንቲስ» በሚባለው ፊልም ውስጥ ሙሉውን ያሳዩት የታወቀ ጨዋታ አላቸው። የአንዱ ኳስ ተጫዋች ስም በእንግሊዝኛ «ማን» ማለት ነው። አንዱ «ስሙ ማን ነው?» ይላል፤ ሌላው «አዎን፥ ማን ነው» ብሎ ይመልሳል። «እኮ ማን?» «ማን ነው አልሁህ እኮ!» እንዲህ እየተባባሉ ጠያቂው ጠጉሩን እስኪነጭ ድረስ ይሄዳሉ። ብዙ የእንግሊዝኛ ቀልድ ወደ አማርኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ይሞታል፤ ይህ ግን እንደ ተወለደ ይደርሳል። ኅብረ ቃል ለሚወድ ለኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሰሙ ጥያቄ ወርቁ መልስ ነው። እንዲሁም በ1940 ሃዋርድ ሆክስ በሠራው «ሂዝ ገርል ፍራይዴይ» በሚባለው የጋዜጠኞች ፊልም ኬሪ ግራንትና ሮዛሊንድ ረስል አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየጀመረ ይነጋገራሉ። ድርሰቱ ከቲያትር የተወሰደ ነው፤ በቲያትሩ ጋዜጠኛው ወንድ ነበረ፤ ሆክስ ሴት አደረገው፤ እርስዋም በክፍሉ ካሉት ወንዶች ሁሉ የበለጠች ጋዜጠኛ ናት። የቋንቋ መምህሮቻችን እንግሊዝኛችን እንዲፈጥን ከፈለጉ ይህን ያሳዩን።

አሁን ወደ ጦርነቱ እገባለሁ።

ኤርንስት ሉቢች በ1892 በበርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በጨዋ ቀልድ የታወቀ ዲሬክተር ሆነ። በ1942 «መሆን ወይስ አለመሆን» የሚባል ፊልም አወጣ፤ ስሙ ከሼክስፒር «ሐምሌት» የተወሰደ ነው። ታሪኩ ጀርመኖች በያዟት በዋርሶ ስላሉ የቲያትር ተጫዋቾች ነው። ዋናው ተጫዋች፥ ጃክ ቤኒ፥ ለራሱ ከመጠን ያለፈ ግምት ያለው ሰው ነው፤ ሐምሌትን ሆኖ ዝነኛውን ንግግር በጀመረ ቍጥር አንድ ወጣት መኰንን ከመካከል ተነሥቶ ይወጣበታል። አገሩ ተወርራ እንኳ ይህ ነገር ከልቡ አይወጣም። እነዚህ ተራ ተጫዋቾች ናዚ መስለው፥ የናዚ ልብስ ለብሰው፥ በእውነተኞቹ ናዚዎች መካከል ገብተው ያታልሏቸዋል። አብዛኛውን ሳቅ የሚያመጣው አለቆቹ የገዛ አለቃቸውን ስም ሲሰሙ ሳያስቡ እጃቸውን ማንሣታቸው ነው።

ፊልሙ ሲወጣ ብዙዎች ተቈጡ። ዋርሶ በምትነድበት ጊዜ ስለ ዋርሶ ይቀለዳልን? አሉ። በተለይም አንድ የጀርመን ኰሎኔል፥ ያ ተጫዋች በሼክስፒር ላይ ያደረገውን እኛ ዛሬ በፖላንድ ላይ እያደረግን ነው ሲል የሚቀልደው ቀልድ አስቀየማቸው። ሉቢች በጽሑፍ መልስ ሰጠ፤ የሣቅሁት በናዚዎችና በከንቱ አስተሳሰባቸው፥ እንዲሁም በማናቸውም ሰዓት ተጫዋችነታቸውን በማይረሱ ተጫዋቾች ላይ ነው እንጂ በፖላንድ ሕዝብ ላይ አይደለም አለ። የጃክ ቤኒ አባት እንኳ፥ ቤኒ ራሱ እንደ ተረከው፥ ልጃቸው በናዚ ልብስ ሲታይ ተቈጥተው ከሲኒማ ቤት ወጡ፤ በኋላ ግን ልጃቸው አስረድቷቸው ተመልሰው ፊልሙን ብዙ ጊዜ አዩት። የፊልሙ ዋና ተጫዋች ካሮል ሎምባርድ ደግሞ ፊልሙን ለሕዝብ ሲታይ አላየችም። ጃንዋሪ 16 ቀን 1942፥ ለጦርነቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ የቦንድ ሽያጭ አድርጋ በአይሮፕላን ስትመለስ በኔቫዳ ተራራ ላይ ወድቆ ከእናትዋ ጋር ሞተች፤ ዕድሜዋ 33 ነበረ።

ይህን ፊልም ስናይ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ግሪንበርግን አትርሱ። ጦር ተሸክሞ ከመቆም በቀር ክፍል ተሰጥቶት የማያውቅ ትንሽ ተጫዋች ነው። ሕይወቱን ሁሉ የሚመኘው የሼክስፒርን ሻይሎክ መጫወት ነው። መጨረሻ ላይ ይጫወታል፤ የሚጫወተው ግን በቲያትር መድረክ ላይ ሳይሆን በእውነተኛ የናዚ ወታደሮች ፊት፥ ጓደኞቹን ለማዳን ነው። እዚያ ላይ ሳቁ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል።

ስተርጅስም በ1944 ስለ ጦርነት ሌላ ፊልም ሠራ፤ «ለድል አድራጊው ጀግና እልል በሉ» ልንለው እንችላለን። አባቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቀበት አንድ ወጣት ለጦር ሠራዊት ተመዝግቦ፥ አፈር ሲነሣ የሚያስነጥስ ሕመም ስላለበት ተባረረ። ለእናቱ ማፈሩን ስለ ጠላ ከሩቅ አገር እየተዋጋሁ ነው ብሎ ይጽፋል፤ በእውነቱ ግን መርከብ በሚሠራበት ቦታ የቀን ሥራ ይሠራል። ስድስት እውነተኛ ወታደሮች አዝነውለት፥ ሜዳልያ አንጠልጥለው ወደ አገሩ ይወስዱታል። ባቡር ጣቢያው ላይ አራት የሙዚቃ ጓዶች፥ ሰንደቅ ዓላማ፥ ንግግር! ሐውልት እናቁምልህ ይሉታል፤ ከንቲባ ሁንልን ይሉታል። ሐሰቱ ከርሱ ተለይቶ የራሱን ሕይወት ይዞ ያድጋል። ልጁ በመጨረሻ በሕዝቡ ፊት ቆሞ እውነቱን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። በጦርነት መካከል ጀግና ለማክበር የሚቸኩለውን ሕዝብ እንዲህ ማሣቅ ድፍረት ነበር።

ከሁሉም የደፈረው ግን ዛሬ የምናየው ነው። ቻርሊ ቻፕሊን የተወለደው በ1889 በኤፕሪል ወር፥ ከሂትለር አራት ቀን ቀድሞ ነው። ሁለቱም አጭር ጢም ነበራቸው። በዓለም ላይ በጣም ከሚወደዱት ሰዎች አንዱና በጣም ከሚፈሩት ሰዎች አንዱ ጢማቸው አንድ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቶ ነበር፤ ቻፕሊን ግን ሠራበት። ፊልሙን ማንሣት የጀመረው በሴፕቴምበር 1939፥ ጦርነቱ ከተነሣ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው፤ አሜሪካ ገና በጦርነቱ አልገባችም፤ ገንዘቡም የገዛ ራሱ ነበረ። እስከዚያ ድረስ ቻፕሊን ሌሎቹ ሁሉ ሲናገሩ ድምፅ የሌለውን ፊልም ሙጭጭ ብሎ የያዘ ሰው ነበር። በሙሉ የሚናገርበት የመጀመሪያ ፊልሙ ይህ ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1940 በኒው ዮርክ ታየ።

ቻፕሊን ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ አንዱ አይሁዳዊ ጠጉር ቆራጭ፥ ሁለተኛው ሂንከል የሚባል የቶማንያ አምባገነን ነው። የሂንከልን ንግግር ስትሰሙ ጀርመንኛ አናውቅም ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጀርመኖችም አያውቁትም፤ ቻፕሊን ከሳልና ከጩኸት የፈጠረው ቋንቋ ነው። ዓለምን የሚያህል ፊኛ በእጁ፥ በራሱ፥ በመቀመጫውም ጭምር እያነጠረ ብቻውን የሚጨፍርበት ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ማንም እንዳያወራ እለምናለሁ። ወዲያው ቀጥሎ ጠጉር ቆራጩ በብራምስ ሙዚቃ እየተመራ የአንድ ደምበኛ ጢም ይላጫል፤ ምላጩ ከዜማው አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳትም። አንዱ ዓለምን በእጁ ይዞ ሲያፈነዳት ሌላው አንድ ሰው ሳያቈስል ላጭቶ ይሸኛል።

ከዚያ በኋላ ናፓሎኒ ይመጣል። ናፓሎኒ የባክቴሪያ አገር አምባገነን ነው፤ የተጫወተው ጃክ ኦኪ ነው፤ ማን እንደ ሆነ አገጩን ቀና ሲያደርግ ወዲያው ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ተመልካች የተለየ ዕዳ አለን። ሙሶሊኒ አገራችንን በ1935 ወረረ፤ የመርዝ ጋዝም በሕዝባችን ላይ ጣለ። ጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለመናገር በቆሙ ጊዜ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አፌዙባቸው። ያም ቀልድ ነበረ፤ ጉልበተኛ በተበደለ ላይ የሚያሰማው ቀልድ። ከአራት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት የተሰማው ሳቅ ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። ፊልሙ በታየበት ቀን አዲስ አበባ ገና በጠላት እጅ ነበረች፤ አርበኞቻችን በየጫካው ነበሩ፤ ከተማይቱ ነጻ የወጣችው ከግማሽ ዓመት በላይ ዘግይቶ፥ በኛው አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። አያቶቻችንን ያስለቀሰው ሰው በዚያ ወራት በሥልጣኑ ላይ ሳለ፥ ባቡሩ ምንጣፉ ጋ መቆም አቅቶት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንገላታ ሕዝብ ሣቀበት። ሂንከል እንግዳውን ዝቅ ባለ ወንበር አስቀምጦ ሊያሳንሰው ይሞክራል፤ በኋላ በጠጉር ማስተካከያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፥ እኔ ልብለጥ እኔ ልብለጥ እያሉ፥ ራሳቸው ጣራ እስኪነካ ድረስ ወንበራቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ሥልጣን ምን እንደሚመስል በታሪክ መጻሕፍቶቻችን ብዙ ተጽፏል፤ እንደነዚያ ሁለት ወንበሮች አድርጎ የገለጠልኝ ግን አላገኘሁም።

ሳቅ አምባገነንን ይጥላል አልልም። ሙሶሊኒን ከኢትዮጵያ ያስወጣው አርበኛውና የተባበረው ጦር ነው፤ ቻፕሊን አይደለም። ቻፕሊን ራሱም በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፥ በናዚ የእስር ሠፈሮች የሚደረገውን እውነተኛ ጭካኔ አውቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ፊልም ልሠራው አልችልም ነበር ሲል ጽፏል። ይህን ቃል ካነበብሁ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን «እንኳን ሳያውቅ ሠራው» የሚሉ አሉ፤ «ሊሣቅበት የማይገባ ነገር እንዳለ ራሱ መሰከረ» የሚሉም አሉ። እኔ ከፊተኞቹ ነኝ፤ ምክንያቱም ፊልሙ የሚሥቀው በጨካኙ ትዕቢት ነው እንጂ በተጨቋኙ ሥቃይ አይደለም፤ የአይሁድ ሠፈር ሲቃጠል ማንም እንዲሥቅ አይጠይቅም። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ከፊልሙ በኋላ መምህራንና ወላጆችም ቢገቡበት ደስ ይለናል።

በመጨረሻው ላይ ጠጉር ቆራጩ በሂንከል ቦታ ተተክቶ ንግግር ያደርጋል። ይህ ንግግር ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ አንድም ቀልድ የለበትም። በጊዜው አንዳንድ ተቺዎች ረዘመ፥ ስብከት ሆነ፥ ፊልሙን አበላሸ ብለው ነቅፈውታል። ዕድሜውን ሁሉ በዝምታ ያሣቀ ሰው አፉን ሲከፍት ምን እንደሚል ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ። ፊልሙ ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ቻፕሊን ራሱ በ1952 ወደ ሎንዶን ሲጓዝ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበትና በስዊስ አገር ኖረ። በ1972 ሆሊውድ የክብር ሽልማት ሊሰጠው ሲጠራው ጠጉሩ ሸብቶ ነበር፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ቆሞ ለብዙ ደቂቃ አጨበጨበለት።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከፊት ያላችሁ ትንንሽ ተማሪዎች መሬት ላይ ብትቀመጡ ከኋላ ያሉት ወላጆቻችን ያያሉ። አሁን በሩ አጠገብ ያለኸው ወንድሜ መብራቱን አጥፋልን።